አፍ ሳይከፈት ኤ የሚገኝበት የንግግር ኮርስ፤ ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንታችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት፣

ጉዳዩ፡- እንዲጠቃለሉ ስለተወሰነባቸው የሰው ለሰው ተግባቦት ኮርሶች

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ የእርስ በርስ ተግባቦት፣ የቡድን ተግባቦት፣ የንግግር ክህሎትና የባህል ለባህል ተግባቦት የተባሉት አራት ኮርሶች ወደ አንድ ኮርስ እንዲጠቃለሉ፣ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍላችንም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ክፍል ሥር እንዲገባ መወሰኑን ሰምተናል። ሰምተናል የምንለው የነገረን ስለሌለ ነው። ያየነው አንድ ሰው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ የለቀቀውን ገጽ ነው። የማኅተሙ ግማሽ ተቆርጧል። ሁለተኛው ገጽ የለም። የኮሙኒኬሽን ተማሪዎች ስለ ራሳቸው ትምህርት የሰሙት በዚህ መንገድ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አንልም፤ ቀልዱን ካምፓሱ ጨርሶታል።

ምክንያቱን ስንጠይቅ በቃል የተነገረን ሦስት ነገር ነው። በጀት የለም። መምህር ያንሳል። ኮርሶቹ ለመውጫ ፈተናው አይጠቅሙም። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍነው በቃል የተነገረንን በጽሑፍ እንዲነገረን ስለምንፈልግ ነው። ደግሞም ከውሳኔው በፊት ነገሩ ደህና እንዳልነበረ እርስዎ ዘንድ የደረሰ አይመስለንም።

ከንግግር ክህሎት እንጀምር።

ኮርሱን የወሰድነው በአንድ ሴክሽን 90 ተማሪዎች ሆነን ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ሦስት ደቂቃ ብቻ ይናገር ቢባል 270 ደቂቃ ይፈጃል። አራት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። መምህሩ አስተያየት ሲሰጡ፣ አንዱ ወርዶ ሌላው ሲወጣ የሚባክነው ጊዜ ገና አልተቆጠረም። በሳምንት ሁለት ሰዓት ለተመደበለት ኮርስ አንድ ዙር ንግግር ብቻ ስንት ሳምንት እንደሚበላ ይገምቱት። መምህራችን መጀመሪያ ላይ ሞክረው ነበር። ጥቂት ልጆች ወጥተው ተናገሩ፣ እርማትም አገኙ። ከዚያ ሚድ ደረሰ። የቀረነው በወረቀት ተፈተንን። «ጥሩ ተናጋሪ አድማጮቹን እያየ ይናገራል፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» እውነት አልን። ነጥባችንን አገኘን።

በዚህ ኮርስ አንድም ቀን ሰው ፊት ሳይቆም ኤ ያገኘ የክፍል ጓደኛ አለን። ጎበዝ ልጅ ነው። ሃንድአውቱን ከነነጠላ ሰረዙ ነው የቸከለው። ዛሬም ግን መምህር ስሙን ሲጠራ ላብ ያጠምቀዋል። ይህ ልጅ ሲመረቅ አንድ የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት በኮሙኒኬሽን ባለሙያነት ሊቀጥረው ይችላል። ቧንቧው ለሳምንታት የደረቀበት ሰፈር ሄዶ፣ የተቆጣ ሕዝብ ፊት ቆሞ ያስረዳል ተብሎ ይጠበቃል። የኮርሱ ዓላማ ተብሎ መጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈውም እኮ ይኸው ነው።

ጥፋቱን በመምህሩ ላይ አናደርገውም። የኬሚስትሪ ተማሪ ላብራቶሪ ሲገባ ሴክሽኑ ይከፈላል፣ ረዳት ይመደባል፣ ሰዓት ይጨመራል። የእኛ ኮርስ ግን እንደ ማንኛውም ሌክቸር ነው የሚቆጠረው። አንድ ስብሰባ ላይ «ወሬ ላብራቶሪ አይፈልግም» ተብሎ ከመድረክ ሲነገር አዳራሹ ስቋል። እኛም ስቀናል፣ ምን እናድርግ። የነበረችን አንዲት የልምምድ ክፍል ዛሬ የተሰባበሩ ወንበሮችና የድሮ ፈተና ወረቀቶች የሚጣሉባት መጋዘን ሆናለች። ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ነው። ስለ ካሜራና ስለ ስቱዲዮ አናነሳም፤ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል። ንግግር ለመለማመድ እኮ ካሜራ አያስፈልግም። ባዶ ክፍል፣ 25 ሰውና ጊዜ ያለው መምህር ይበቃል።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ሥር መግባታችን ነው። የእንግሊዝኛ መምህራኖቻችንን እናከብራለን። ፍሬሽማን እያለን ያስተማሩን የመግባቢያ እንግሊዝኛ ብዙዎቻችንን ረድቶናል። ግን እሱ ቋንቋ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ነገሩ እንዴት እየከረረ እንደሚሄድ፣ ኮሚቴ ውስጥ ዓይን አፋሩ ሰው ለምን ሐሳቡን ውጦ እንደሚወጣ፣ አሉባልታ መንደር ውስጥ በምን መንገድ እንደሚዞር፣ ሐኪምና ታካሚ ለምን እንደማይግባቡ ማጥናት ሌላ ሙያ ነው። የራሱ ዘዴ አለው። የራሱ ክርክር አለው።

ይህ ጥያቄ እኛ ጋ የተጀመረም አይደለም። በ1914 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 17 የንግግር መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህራን ጉባኤ ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል። የንግግር ትምህርት በእንግሊዝኛ ክፍሎች ሥር ሆኖ የሚገባውን ቦታ አላገኘም የሚል ቅሬታ ነበራቸው። ዛሬ በዚያች አገር የተግባቦት ጥናት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የራሱ ትምህርት ክፍል እንዲኖረው ያ መለያየት መንገድ ከፍቷል። እኛ ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ ኋላ እንመለስ እየተባልን ነው። ምክንያት ካለው እንስማው። ስለ መዛወሩ እስካሁን የሰማነው ግን የቢሮ ቁጥር መቀነሱን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ካሪኩለሙ ራሱ አንድ ነገር እንበል። እያንዳንዱ ኮርስ የሚጀምረው ሰሌዳ ላይ በሚሣል አንድ ሥዕል ነው፤ ላኪ፣ መልእክት፣ መስመር፣ ተቀባይ፣ ጫጫታ። ሥዕሉ የመጣው በ1948 እ.ኤ.አ. ክላውድ ሻነን ከተባለ የቤል የስልክ ኩባንያ የሒሳብና የምህንድስና ሊቅ ነው። ሰውየው ያስጨነቀው ምልክት በሽቦ ሲያልፍ ሳይበላሽ እንዴት እንደሚደርስ ነበር። የመልእክቱ ትርጉም እሱ ከያዘው የምህንድስና ጥያቄ ውጭ እንደሆነ ራሱ ጽፏል። ጥሩ መነሻ ነው፣ አንጠላውም። ግን አንደኛ ዓመት ይሣላል፣ ሁለተኛ ዓመት ይሣላል፣ አሁንም ይሣላል። ቀጥሎ ሰው ይመጣል ብለን እንጠብቃለን፤ ሴሚስተሩ ያልቃል። አራቱ ኮርሶች አንድ ሲሆኑ የሚተርፈን ይኸው ሥዕል እንዳይሆን እንፈራለን።

የባህል ለባህል ተግባቦት ኮርስ ላይ የተማርናቸው ምሳሌዎች በአብዛኛው የጃፓንና የአሜሪካ ነጋዴዎች ናቸው። ጃፓናዊው ዝም ሲል አሜሪካዊው ተናደደ፣ ወዘተ። ከክፍል ወጥተን ዶርም ስንገባ ደግሞ ከአፋር፣ ከጋሞ፣ ከጎጃም፣ ከሶማሌ ክልልና ከወለጋ የመጣን ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ እናድራለን። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያወራ ሌላው ተቆጣኝ ብሎ ያኮርፋል። አንዱ ሳይጠይቅ የጓደኛውን ሳሙና ይጠቀማል፤ እሱ ዘንድ ወንድምነት ነው፣ እዚያኛው ዘንድ ንቀት ነው። ይህ ሁሉ ክፍል ውስጥ አይነሳም።

መነሳት አለበት የምንለው ለቅንጦት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በበርካታ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል ግጭት ተነስቶ ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። መነሻው ሁሉ አለመግባባት ነበር አንልም፤ ፖለቲካም ነበረበት። ግን ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ አንድ የሐሰት ወሬ ዶርም ለዶርም ሲዞር «ይህን ማን አየ? ማን ነገረህ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መኖሩ ለውጥ ያመጣል ብለን እናምናለን። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ደግሞ ሌላ ማን ነው? እኛ ነን።

«ማን ነገረህ?» ስንል ያስታወሰን ነገር አለ። ከአፋር የመጣ ጓደኛችን በዚሁ ኮርስ ስለ ዳጉ ሊያቀርብ ፈለገ። ዳጉ የአፋር ሕዝብ ወሬ የሚለዋወጥበት ሥርዓት ነው። መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆመው ወይም ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ሰላም። በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ፣ ከሰማህስ ከማን ተብሎ ይጠየቃል። የሐሰት ወሬ ያመጣ ሰው ተጠያቂ ነው። ጓደኛችን ይህን ያነበበው መጽሐፍ ላይ አይደለም፤ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ሲሄድ ያየው ነው። የተሰጠው መልስ «ሳይቴሽን አምጣ» የሚል ነበር። ላይብረሪ ገባ፣ ፈለገ፣ አጣ። በመጨረሻ ስለ ጃፓኖቹ አቀረበ። ጥሩ ውጤት አገኘ።

ሌላዋ ጓደኛችን በወረዳዋ ስለሚካሄድ ሽምግልና ልትጽፍ ተነሳች። ሽማግሌዎቹ ተቀናቃኞቹን እንዴት እንደሚያስቀምጡ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ዝምታ መቼ እንደሚጠቅም፣ ዋናው ሽማግሌ ተረት የሚያመጣው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ቀርጻ መጣች። ለእኛ ከሃንድአውቱ ሁሉ የበለጠ ትምህርት ነበር። የቀረጸችውን አማርኛ በአባሪነት እንዳታያይዝ ተነገራት፤ የጥናት ወረቀት ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው ተባለ። በላ ልበልሃን ያህል የችሎት ሙግት በነበረበት አገር፣ ሰው በግጥም የሚከራከርበትንና በፉከራ የሚያስጠነቅቅበትን አነጋገር በቀጥታ ማያያዝ ካልተቻለ ተማሪው ምኑን ነው የሚያጠናው? ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ፤ እሺ። መረጃው ግን በተነገረበት ቋንቋ ይቀመጥ። ይህን መፍቀድ ሳንቲም አያስወጣም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ከመካከላችን መስማት የተሳነው ተማሪ አለ። ይህን የምንጽፈው አስፈቅደነው ነው።

የእርስ በርስ ተግባቦት ኮርስን የወሰደው ያለ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነው። የፊት ወንበር ላይ ይቀመጥና የመምህሩን ከንፈር ያያል። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞሩ ለእሱ ብቻ ትምህርቱ ይቋረጣል። ማታ ማታ ከማስታወሻችን ይገለብጣል። የምልክት ቋንቋ ራሱን የቻለ ቋንቋ እንጂ ተራ የእጅ እንቅስቃሴ አለመሆኑን ሊያስረዳን የሚችል ሰው ክፍላችን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ስለዚህ ጉዳይ ከሃንድአውት ሁለት መስመር አንብበን አለፍን። ማንም አልጠየቀውም። በቡድን ውይይት ደግሞ ከ10 የሚያዝ የ«ተሳትፎ» ነጥብ አለ። እሱ 2 ተሰጠው። ቅሬታ ሲያቀርብ በሕክምና ማስረጃ አስደግፍ ተባለ። ማስረጃ አመጣ። ከዚያ በኋላ ያገኘው መልስ የአስተርጓሚ የሥራ መደብ በመዋቅሩ ላይ የለም የሚል ነው።

ፍሬሽማን ላይ ሁላችንም ስለ አካታችነት ኢንክሉሲቭነስ የሚባል የጋራ ኮርስ ወስደናል። እሱም ወስዷል። ያለ አስተርጓሚ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል። ተመራቂዎች አሉ። አስተርጓሚ ከሰማይ አይወርድም፤ ማስታወቂያ ወጥቶ ነው የሚቀጠረው። መዋቅሩ ላይ ከሌለ መዋቅሩ ይስተካከል። እስከዚያው በኮንትራት የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ይፈጸምላችሁ ብንባል የምንመርጠው ይህን ነው።

የሆስፒታሉ ነገርም አለ። በቡድን ተግባቦት ኮርስ ውስጥ ያለን አንዳንዶቻችን ለካምፓሳችን ቅርብ በሆነ ሆስፒታል የጤና ባለሙያዎችና ታካሚዎች እንዴት እንደሚነጋገሩ ልናጠና አቅደን ነበር። ሐሳቡ የመጣው ከአንዲት ጓደኛችን ነው። አክስቷን ይዛ ሄዳ መድኃኒት ሲሰጣቸው ሰማች፤ «በየስምንት ሰዓቱ» ተባሉ። አክስቷ ቤት ገብተው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ብቻ፣ በቀን አንዴ ይወስዱ ጀመር። እሳቸው እንደገባቸው ትክክል ነው ያደረጉት። ፋርማሲስቱም ትክክል ነው የተናገረው። መሃል ላይ የጠፋው ነገር ነው የእኛ ትምህርት።

የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቅን። ከትምህርት ክፍሉ ወደ ኮሌጁ፣ ከኮሌጁ ወደ ምርምር ጽሕፈት ቤቱ፣ ከዚያ «በቡድን ሳይሆን በስም ዝርዝር ይምጣ» ተብሎ ወደ ትምህርት ክፍሉ ተመለሰ። ደብዳቤው የወጣው ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ነው። እኛ ያስገባነው አሳይመንት ከኢንተርኔት የተለቃቀመ ነበር። ጥሩ ተብሎ ታረመ።

የኢንተርንሺፑን ባጭሩ እንለፈው። የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች እንመደባለን፤ ሥራችን የስብሰባ ፎቶ ማንሳት፣ ባነር መስቀልና የኃላፊዎችን ንግግር ለፌስቡክ ማሳጠር ነው። የሚቆጣጠረን መምህር አይመጣም፤ አበል የለውም።

የመውጫ ፈተናውንም እንናገር፤ ምክንያት ሆኖ ቀርቧልና። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ማለፊያው 50 ከመቶ እንደሆነ ተነግሮናል፣ እየተዘጋጀን ነው። ዩኒቨርሲቲው ስለ ማለፊያ መጠኑ መጨነቁም ይገባናል። ግን ለፈተና አይጠቅምም በሚል ኮርስ ማጠፍ ከተጀመረ የት ነው የሚቆመው? ተቀጥሮ የሚሠራው ሰው የሚጠየቀው አፍታቶ እንዲያስረዳና አዳምጦ እንዲመልስ ነው። ይህን የሚያስተምሩት ደግሞ እነዚሁ የታጠፉት አራት ኮርሶች ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ 70 በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተብሎ የወጣው የቅበላ ምጣኔ ያመጣው መንፈስ ዛሬም አልለቀቀንም። «እናንተማ ታወራላችሁ» እየተባልን ነው አራተኛ ዓመት የምንደርሰው። በወረርሽኝ ጊዜ ግን የሁሉም ጥያቄ ሕዝቡን እንዴት እናሳምነው የሚል ነበር። ኮቪድ ሲገባም ከከበዱት ነገሮች አንዱ ማሳመኑ ነበር።

የተከበሩ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አራቱን ኮርሶች የማጠፍና ትምህርት ክፍሉን የማዛወር ውሳኔ፣ የትምህርት ክፍሉ ጉባኤና የተማሪ ተወካዮች ባሉበት ሴኔቱ እስኪያየው ድረስ ይቁም። ውሳኔው ከነምክንያቱ፣ ሁለተኛውም ገጽ ሳይቀር፣ በጽሑፍ ይሰጠን።

መስማት ለተሳነው ተማሪ ከምዝገባ በፊት አስተርጓሚ ይመደብ። የተሰጠው የተሳትፎ ነጥብም እንደገና ይታይ።

የንግግር ክህሎትና የቡድን ተግባቦት ኮርሶች የተግባር ሰዓት ይያዝላቸው፤ ሴክሽኑም ከ30 ተማሪ ያልበለጠ ይሁን። መምህር ካነሰ የማስተርስ ተማሪዎች በረዳትነት ይመደቡ፤ ሌሎች ትምህርት ክፍሎች ይህን ያደርጋሉ። የልምምድ ክፍላችን ቁልፍ ለትምህርት ክፍሉ ይመለስ። ወንበሮቹን ራሳችን ተሸክመን እናወጣለን።

የመስክ መረጃን በተነገረበት ቋንቋ ማያያዝ ይፈቀድ። በአገራችን ስላለ የተግባቦት ልማድ የሚሠራ ተማሪ፣ የተጻፈ ምንጭ ቢያጣ ቃለ መጠይቅ እንደ ምንጭ ይቆጠርለት። ይህን ለመወሰን የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ሥልጣን ካለው ይነገረን፤ እዚያው እንጨርሰዋለን።

የድጋፍ ደብዳቤ በኮሌጁ ደረጃ፣ በተጠየቀ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሰጥ።

መልስዎን ከኮርስ ምዝገባ በፊት እንጠብቃለን። እርስዎ በሚመርጡት ቀንና ሰዓት ተማሪዎቹን በአዳራሽ ቢያነጋግሩን ደግሞ እንመርጣለን። ተናጋሪዎቻችንን አዘጋጅተናል፤ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ደቂቃ ይበቃቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣

የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል የሦስተኛና አራተኛ ዓመት ተማሪዎች ተወካዮች

ግልባጭ፡-
ለኮሌጁ ዲን ጽሕፈት ቤት
ለጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል
ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ክፍል
ለተማሪዎች ኅብረት ጽሕፈት ቤት